ከፒያሳ እስከ አዲስ ዓለም፦ ብስክሌት ለልብ፣ ለስኳርና ለጉልበት

በዚህ ወር ስለ ምግብ ብቻ አናወራም። የበላነውን ምግብ ሰውነታችን ምን ላይ እንደሚያውለው እናያለን። ለዚህም ከእናንተ ጋር ከፒያሳ ተነስተን በብስክሌት ትንሽ ራቅ ብለን እንሄዳለን።

እንደሚታወቀው አራዳ ውስጥ ተወልደው ያደጉ አባቶችና እናቶች ሐኪም ሳያዛቸው የሚወስዱት አንድ መድኃኒት ነበር፤ እርሱም መንገዱ ነው። ከዶሮ ማነቂያ፣ ከሠራተኛ ሠፈር ወይም ከእሪ በከንቱ ተነስቶ ወደ ኑር መስጂድ የሚመላለስ ሰው ዳገቱንና ቁልቁለቱን በእግሩ ነበር የሚጨርሰው። እስቲ አብረን እናስላው። መስጂዱ ከቤታችሁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ቢሆንና ለመግሪብና ለዒሻ ብቻ በእግራችሁ ብትመላለሱ፣ በቀን 40 ደቂቃ ትራመዳላችሁ፤ በሳምንት 280 ደቂቃ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት የሚመክረው መካከለኛ እንቅስቃሴ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ብዙ ሰው ልኩን የሚሞላው ስፖርት እሠራለሁ ብሎ ሳያስብ፣ ሰላት ሲመላለስ ነበር ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የድሮው ፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ሄደ። አዲሱ ቤት የራሱ መጸዳጃ፣ የራሱ ማዕድ ቤት ይኖረው ይሆናል፤ ይህን አንክድም። ይሁን እንጂ የእግር መንገዱ በዚያው ቀረ። ዛሬ አባወራው ጠዋት ታክሲ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቀኑን ሙሉ ወርቅ ቤቱ ወይም ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማታም ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ይመለሳል። የሚበላው ግን አልቀነሰም። እንዲህ ያለው ሰው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሆዱ ገፍቶ፣ ግፊቱ ከፍ ብሎ፣ ስኳሩ «ጠርዝ ላይ ነህ» ተብሎ ከጤና ጣቢያ ቢመለስ ሊያስደንቀን አይገባም። ብስክሌትን ያነሣነው ይህን የጠፋ መንገድ ሊተካ የሚችል፣ ዋጋውም ጨርሶ የማይቀመስ ያልሆነ ነገር ስለሆነ ነው።

አንዳሉስ የሚሄዱት ምን ፍለጋ ነው?

በአውሮፓ ብስክሌት ወዳጆች ዘንድ እስፔን የታወቀች አገር ናት። ከኮርዶባ ወደ ግራናዳ የሚያደርሰውን የድሮ የአንዳሉስ መንገድ ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣሉ። የወይራ ማሳው፣ ኮረብታ ላይ የተሰቀሉት ነጫጭ ከተሞች፣ መጨረሻ ላይ የሚጠብቃቸው የአልሐምራ ግንብ፣ ይህ ሁሉ በብስክሌት ፍጥነት ሲታይ ሌላ ነው ይላሉ። መኪና ያስሮጣል፣ እግር ያዘገያል፣ ብስክሌት በሁለቱ መካከል ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚገርመን ሌላ ነገር ነው። ከግራናዳ በላይ ሲየራ ኔቫዳ በሚባለው ተራራ ላይ፣ በ2,320 ሜትር ከፍታ፣ የስፖርተኞች ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። ስፖርተኞች ወደዚያ የሚወጡት ስስ አየር ውስጥ ኖረው ደማቸው ብዙ ኦክስጅን መሸከም እንዲለምድ ነው። ፒያሳ ከዚያ ማዕከል ከፍ ትላለች! እነርሱ ገንዘብ ከፍለው የሚወጡበት ከፍታ ላይ እኛ ሻይ እንጠጣበታለን።

ይህ ከፍታ ግን ጸጋ ብቻ አይደለም። እዚህ የምንተነፍሰው አየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ዳገት ስትወጡ ልባችሁ ከጅዳ ወይም ከዱባይ ሰው ልብ የበለጠ ይሠራል። ተወልዶ ያደገበት ሰው ለምዶታል። ከዓረብ አገር ለዓመታት ቆይተው የሚመለሱ እህቶችና ወንድሞች ግን በመጡ በማግሥቱ ዳገት ላይ ብስክሌት መግፋት አይገባቸውም። አንድ ሁለት ሳምንት በእግራቸው እየተራመዱ ሰውነታቸው ከአየሩ ጋር እስኪላመድ ይጠብቁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ካለ ደግሞ ጭራሽ አይነሡ።

አራዳና ብስክሌት

ብስክሌት ለአራዳ እንግዳ አይደለም። የብስክሌት ጠጋኙን አፍ ብታዳምጡ ታሪኩን ይነግራችኋል። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎሚስታ፣ ከመነዳሪ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ «ፒያሳ» የሚለው ስም ራሱም እንዲሁ። የድሮው የአራዳ ገበያ በወረራው ዘመን ወደ መርካቶ ሲዛወር ሠፈሩ ስሙን ከነቃላቱ ይዞ ቀረ። ወራሪው ሄደ፣ ፍሬኑ ቀረ ብንል አልተሳሳትንም።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። ዛሬ ኦሎምፒክ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሩጫ ብቻ መሆኑ ትንሽ ያሳዝናል። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አልፎ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ የተባለው የመቀሌ ልጅ በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

በከተማችንም ቢሆን ነገሩ መልክ እየያዘ መጥቷል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል አንዳንድ ጎዳናዎችን ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነጻ ማድረግ ተጀመረ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በፒያሳና በአራት ኪሎ በኩል ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተሠራ። መስመሩ የተሠራው ብዙ ሰው በተነሣበት ሠፈር ላይ መሆኑ ለአንዳንዱ አንባቢ ሆድ የሚያስብስ ነገር ነው፤ እኛም ይሰማናል። የተሠራው መንገድ ባዶውን እንዲውል ማድረግ ግን ለማንም አይጠቅምም። የአራዳ ልጅ ከሩቅም መጥቶ ቢሆን ሊነዳበት ይገባል እንላለን።

ከመነሣታችሁ በፊት

ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ ከሆነ፣ ለዓመታት ተቀምጣችሁ ከሠራችሁ፣ ወይም ስኳር፣ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም ያያችሁ። ይህን የምንለው ለወጉ አይደለም። ግፊታችሁ ሲለካ የላይኛው 180፣ የታችኛው 110 ደርሶ ከሆነ ዳገት የመውጫ ጊዜ አይደለም፤ ቅድሚያ በመድኃኒት መውረድ አለበት። ግፊቱ ልክ የገባ ሰው ግን ዘወትር ቢነዳ ይጠቀማል። ግፊት ያለባቸው ሰዎች እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ አዘውትረው ሲሠሩ የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ያህል ዝቅ ሊል እንደሚችል በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። ይህ ማለት መድኃኒቱን አቁሙ ማለት አይደለም! መቀነስም ሆነ ማቆም የሚችለው ያዘዘላችሁ ሐኪም ብቻ ነው።

ስኳር ላለባቸው አንባቢዎቻችን ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር እየሳበ ያቃጥላል። ከሠራ በኋላም ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ለሁለት ቀን፣ ሰውነት ኢንሱሊንን በተሻለ ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ነድቶ ሳምንቱን ከመተኛት፣ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሰዓት መንዳት ለስኳር ሕመምተኛ እጅግ የተሻለ ነው። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ከጥቅሙ ነው። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ግሊበንክላማይድ የምትውጡ ከሆነ በመንገድ ላይ ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ይህ እምብዛም አያጋጥመውም።

መለኪያው ካላችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ለኩ። ከ90 በታች ከሆነ አንድ ነገር ሳትቀምሱ አትነሡ። ከ250 በላይ ሆኖ ጥማት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም ካለ ደግሞ የዚያን ዕለት ብስክሌቱን ተዉትና ወደ ሕክምና ሂዱ። መንገድ ላይ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያው ውረዱ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከሌለ ሦስት መካከለኛ ተምር ብሉ። ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ ካልተሻላችሁ ድገሙ። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስዱ ሰዎች የልብ ምት መፍጠኑ ላይሰማቸው ስለሚችል ላቡን በተለይ ልብ ይበሉ። አብሯችሁ የሚነዳ ጓደኛም ስኳር እንዳለባችሁ ይወቅ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ምናልባት ሕይወታችሁን የሚያተርፈው እርሱ ነው።

ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ፣ «ዳገቱ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ወርዳችሁ ተቀመጡ፣ ሰው ጥሩ፣ ሆስፒታል ሂዱ።

ጫትን በተመለከተ በግልጽ መናገር እንፈልጋለን። ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ረሃብንም ያስረሳል። ቅሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ልቡን በሁለት በኩል እየገረፈው ነው። «ምርቃና ላይ ሆኜ እንጦጦን ወጣሁ» የሚል ወሬ የሚያስቅ ቢመስልም ለሐኪም ጆሮ የሚያስደነግጥ ነው።

ምን ያህል ልንዳ?

ለመካከለኛ እንቅስቃሴ ቀላል መለኪያ አለ። እየነዳችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ከቻላችሁ፣ ነሺዳ ማዜም ግን ትንፋሽ ካጣችሁለት፣ ልክ ናችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ አብዝታችኋል። ነሺዳውን ያለ ችግር ከጨረሳችሁት ደግሞ ትንሽ ጨምሩ። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት መግዛት አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ወር መንገዳችሁ አጭር ይሁን። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዳችሁ፣ ወደ አራት ኪሎ ወጥታችሁ፣ ከዚያም ስድስት ኪሎ ደርሳችሁ ተመለሱ። መሄጃው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድልድዩ ጋ ያለው ጎድጓዳ በመሄድም በመመለስም አጭር ዳገት ስለሚሰጣችሁ ከበቂ በላይ ነው። ዳገቱ ከከበዳችሁ ወርዳችሁ ግፉት፤ ብስክሌት መግፋትም እንቅስቃሴ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር ያለው ቁልቁለት ያጓጓል፤ ነፋሱ ደስ ይላል፤ ፔዳሉን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትረግጡ ታች ትደርሳላችሁ። ከዚያ ደግሞ ያንን ሁሉ ከፍታ በደከመ ልብ መመለስ ይመጣል። ስለዚህ በመውረድ አትጀምሩ የሚለው ምክራችን ለጉልበትም ለልብም ነው። ከቻላችሁ መጀመሪያ ውጡ፣ ሲደክማችሁ ውረዱ።

ሰዓቱን በተመለከተ እሑድ ጠዋት ከሁሉ ይሻላል። ሱብሒ ተሰግዶ ወዲያው በጨለማ ከመውጣት ፀሐይዋ እስክትወጣ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ እስኪሆን ጠብቁ። መኪናው ገና አልበዛም፣ አየሩም ከጭስ የጸዳ ነው። ከኑር መስጂድ ጀማዓ አራት አምስት ሆናችሁ ብትወጡ ደግሞ ሹፌሮችም ከሩቅ ያዩአችኋል። በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ባለው አንድ ሰዓት መንገድ ላይ አትውጡ እንላለን። ጾመኛው ራሱ ደክሟል፣ ሹፌሩም ለኢፍጣር እየተጣደፈ ነው። በዚያ ወር ከኢፍጣር በኋላ በእግር ወደ ተራዊሕ መሄድ ይበቃል።

ጉልበትና መቀመጫ

«ጉልበቴን ያመኛል፤ ብስክሌት ደግሞ ይጨርሰዋል» የሚሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። እውነቱ በአብዛኛው ተቃራኒው ነው። ስትራመዱ የሰውነታችሁ ክብደት በሙሉ ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ብስክሌት ላይ ግን አብዛኛውን መቀመጫው ይሸከመዋል። ጉልበት የሚጎዳው መቀመጫው ዝቅ ብሎ ሲታሰር ነው። መርካቶ ተገዝቶ የሚመጣ ብስክሌት ሁሉ ሻጩ እንዳሰረው ይነዳል፤ ከዚያ የጉልበት ፊት መታመም ሲጀምር ጥፋቱ በብስክሌቱ ላይ ይለጠፋል።

ልኩን እንዲህ ታገኙታላችሁ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፤ አንዱን ፔዳል እስከ ታች አውርዱት፤ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፉ። እግራችሁ ሳይጠማዘዝ ቀጥ ካለ መቀመጫው ልክ ነው። ስትነዱ የምትረግጡት በተረከዝ ሳይሆን በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስለሆነ ጉልበታችሁ ያን ጊዜ በመጠኑ ይታጠፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍና አምስት ደቂቃ ነው።

ፍሬኑን ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ፈትኑት። ሁለቱንም ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊት ስትገፉት ጎማው መንከባለል የለበትም። አራዳ ውስጥ ፍሬን የሌለው ብስክሌት መንዳት በራስ ላይ መፍረድ ነው። የራስ መከላከያ ቆቡንም አትተዉ፤ ጥምጣሙም ሆነ ኮፍያው ከሥሩ ቀጭን ይሁን፣ አለበለዚያ ማሰሪያው አይጠብቅም።

እህቶች ሆይ! ስለ ብስክሌት የሚጠይቁን ከወንዶቹ ይልቅ እናንተ ናችሁ። ጅልባብና ዓባያ ለብሶ መንዳት ይቻላል። አደጋው ጫፉ ሰንሰለቱ ውስጥ ወይም የኋላ ጎማው ሽቦ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ያን ጊዜ ብስክሌቱ በድንገት ይቆማል፣ ነጂዋም ወደ ፊት ትወረወራለች። መካከለኛው ብረት ዝቅ ያለውን የሴት ብስክሌት ምረጡ፤ ሰንሰለቱ በሽፋን የተሸፈነ ይሁን፤ በኋላ ጎማው ላይ መረብ አሠሩ፤ ከሥር ሰፊ ሱሪ ለብሳችሁ ጫፉን በላስቲክ ያዙት። ሻሹ ጫፉ ሳይንጠለጠል ወደ ውስጥ ይግባ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከመኪና ርቆ ለመለማመድ ደህና ቦታ ተገኝቷል፤ ከፍታው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ መድረሱን አትርሱ፤ ሲወርዱም ፍሬን እየያዙ እየለቀቁ እንጂ አጥብቆ ይዞ መውረድ ጎማውን ያግለዋል።

ምን ይዘን እንውጣ?

ለግማሽ ሰዓት ጉዞ ውኃ ይበቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚሆን ግን ያገራችንን ምግብ የሚያህል የለም። ከመነሣታችሁ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቂንጬ ወይም ገንፎ፣ ቅቤው ቀለል ያለ፣ ጥሩ ስንቅ ነው። ጨጨብሳ ከነቅቤው ከብዶ ሆድ ውስጥ ስለሚቆይ ዳገት ላይ ያንገሸግሻል፤ እርሱን ስትመለሱ ብሉት። በመንገድ ላይ በሶ በማር የታሸ፣ ኩርማን ቆሎ፣ ጥቂት ተምር ኪስ ውስጥ ይያዝ። በሶ የሚፈጭ ጉልበት ቀስ እያለ ይሰጣል፤ ተምር ደግሞ ፈጥኖ ይደርሳል። ሁለቱን መያዝ ነው ብልሃቱ።

በእኛ ቀዝቃዛ አየር ላቡ ስለሚደርቅ ውኃ ማጣታችሁ አይታወቃችሁም። በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ጠጡ፤ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ በተለይ። ለስላሳ መጠጥ ግን እንደ ውኃ አትቁጠሩት። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ከሰባት የሻይ ማንኪያ ጋር የሚስተካከል ነው። ግማሽ ሰዓት ነድቶ አንድ ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ካወጣው ብዙውን መልሶ አስገባ ማለት ነው።

ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ

ሦስት አራት ወር በዚህ መልክ ከነዳችሁ፣ ሐኪሙም ከፈቀደ፣ አንዳሉስን የሚያስንቅ ባይሆን እንኳ የሚወዳደር መንገድ ደጃችን ላይ አለ። ከፒያሳ በፓስተር፣ በዊንጌት፣ በአስኮ አድርጋችሁ ቡራዩን ታልፋላችሁ። እስከዚያ ያለው ከባድ መኪና የሚበዛበትና ጭስ ያለበት ስለሆነ በጠዋት ቶሎ ማለፍ ነው፤ ብዙ የሚባልለት አይደለም።

ከቡራዩ ወዲያ ነገሩ ይለወጣል። በስተቀኝም በስተግራም ባሕር ዛፍ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባን ውኃ ካጠጡት ግድቦች አንጋፋው የገፈርሳ ግድብ ይመጣል። እዚህ ከፍታው 2,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከፒያሳ 150 ሜትር ያህል ወጥታችኋል ማለት ነው። ቆማችሁ ውኃ ጠጡ፣ ዓይናችሁንም አሳርፉ። በስተግራ የወጨጫ ተራራ ይታያል፤ በዚያ በኩል ያለው የሱባ ደን ከአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ እንደኖረ ይነገራል። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ሆለታ ያዘቀዝቃል። በመስከረም ማሳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ በጥቅምትና በኅዳር ስንዴውና ጤፉ ሲያጎነብስ የሚታየውን በቃል ከምንነግራችሁ ሄዳችሁ ብታዩት ይሻላል።

ሆለታ ከፒያሳ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። የወተት አገር ናት፤ እርጎ በዳቦ እዚህ ላይ ከማንኛውም የስፖርት መጠጥ ይበልጣል፤ ለደከመ ጡንቻ ፕሮቲንም ጨውም ስኳርም በአንድ ብርጭቆ ይሰጣችኋል። ሥጋ ካማራችሁ የሙስሊም ሥጋ ቤት ጠይቁ፤ ካላገኛችሁ እንቁላልና ሽሮ የትም አለ። ለዙሁር የምትቆሙት እዚህ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እግርም ያርፋል። ስለ ሰላት ማሳጠር ግን ከመነሣታችሁ በፊት ዓሊም ጠይቁ፤ የእኛ ዓምድ የጤና ነው።

ጉልበት የተረፈው አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥሎ አዲስ ዓለም ይደርሳል። ይህችን ከተማ አጼ ምኒልክ በ1892 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆሯት መናገሻቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ነበር። ምክንያቱ የማገዶ እንጨት ነው። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ጨርሳ ራቁቷን ቀርታ ነበር። በኋላ ባሕር ዛፍ በቅሎ እንጨቱ ሲገኝ፣ አዲስ አበባም ባለችበት ጸናች። ለዚህች ከተማ ሲባል የተጠረገው መንገድ በአገራችን ከተሠሩት ዘመናዊ መንገዶች ከመጀመሪያዎቹ ነው። ፒያሳ ዛሬ ፒያሳ የሆነችው አዲስ ዓለም መናገሻ ሳትሆን ስለቀረች ነው ብሎ ማሰብ፣ ብስክሌቱን ዛፍ ላይ አስደግፎ ለሚያርፍ ሰው ደስ የሚል ሐሳብ ነው።

ከዚያ ወዲያ አምቦ አለ፤ ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን የሠለጠነ ሰው መንገድ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። በምዕራብ ሸዋ በኩል ባለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር ሲያጋጥም ቆይቷል። ስለዚህ ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት በዚያ መስመር የሚሠሩ ሹፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። «ተዉት» ካሉ ተዉት፤ ገፈርሳም ሳትደርሱ ከአስኮ ተመለሱ። ብቻችሁንም አትውጡ፤ ከመነዳሪና መንፊያ ከአንዳችሁ ቦርሳ አይጥፋ፤ ለቤተሰብም የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሩ።

መመለሻው ከመሄጃው ይከብዳል፤ ከሆለታ እስከ ገፈርሳ ወደ 200 ሜትር ከፍታ መውጣት አለና። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሁለቱንም መንገድ በብስክሌት እጨርሳለሁ አይበል። ከሆለታ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሚኒባስ አይጠፋም፤ የፊት ጎማውን ፈትታችሁ ብስክሌቱን ጣራ ላይ ማስጫን ይቻላል። የብስክሌቱን ሒሳብ ግን ሳይጫን በፊት ከረዳቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ማሰሪያ ገመዱንም የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።